የታሸገችው ሰይፈኛ

ሰውየውን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «እርጥበት» ይሉታል። የአንድ ሆስፒታል መድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ነው። ጠዋት ሲገባ ከሰው በፊት የሚያየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእርጥበት መለኪያ ሲሆን ሰላምታው ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ የሚለውም እንደ ቁጥሩ ነው። አንድ ካርቶን ግድግዳ ተደግፎ ያገኘ ቀን ደግሞ ለዕለቱ ተረኛ ወየውለት። ስሙን ያወጡለት የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው። ያውቃል፤ እንዲያውም በልቡ ደስ ይለዋል። ከዚህ የከፋ ስም የወጣላቸው ስንት ኃላፊዎች አሉ።

ቤቱ ውስጥ ሌላ መጋዘን እንዳለው ግን መሥሪያ ቤቱ አያውቅም። ከመኝታ ቤቱ ቀጥሎ አልጋ የማትችል ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከሱሪ ኪሱ አይወጣም። ውስጧ ከአርባ በላይ ፊገሮች ተደርድረዋል። ፊገር የሚሏቸው እሱና መሰሎቹ ናቸው፤ ሌላው ሰው አሻንጉሊት ብሎ ይገላገላል። ዓይናቸው የሰፋ፣ ፀጉራቸው ሰማያዊና ሐምራዊ፣ ከጃፓን ካርቱን ከአኒሜ የወጡ ልጃገረዶችና ተዋጊዎች ናቸው። መስኮቱ የፀሐይ ጨረር በሚከለክል ላስቲክ ተለብጧል፣ ቀለም እንዳይለቅ። ፖስተሮቹ ሳይታጠፉ ተጠቅልለው ቱቦ ውስጥ ገብተዋል፣ ካርዶቹ ለየብቻቸው ስስ ከረጢት ለብሰዋል። በካርቶንና በካርቶን መሃል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ እርጥበት መጣጭ ከረጢት በየመደርደሪያው ትቀመጣለች፣ በየሦስት ወሩም ትቀየራለች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ሰብሳቢ አላየም።

እንደሱ የሚሰበስቡ ሰዎች በስልክ ቡድን አላቸው፣ እዚያ ደግሞ «መምህር» ነው። አንዱ «የፊገሬ እግር ተጣበቀብኝ» ብሎ ከጻፈ ሌሎቹ «መምህር ይምጣ» ይላሉ፤ መምህርም ይመጣል። «ፕላስቲክ መተንፈስ አለበት» ብሎ ይጽፋል። «ለዓመታት አፍናችሁ ካስቀመጣችሁት ከውስጡ ዘይት ይወጣውና ላብ እንዳላበው ሰው ይጣበቃል። ካርቶኑ ያምራል ብላችሁ አትታለሉ። በዓመት አንዴ ክፈቱት፣ አየር አስነኩት።» የአውራ ጣት ምልክት ይዘንብለታል።

እሱ ራሱ ግን በአንዷ ላይ ይህን ምክር አላዋለም። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ብቻዋን የተቀመጠችው ቁጥር አንድ ናት፦ ጃንጥላ ይዛ፣ በጃንጥላው ውስጥ ሰይፍ የደበቀች ሰይፈኛ። ኃላፊ ሆኖ በተቀበለው የመጀመሪያ ደመወዙ የገዛት፣ ከነፋብሪካ ፕላስተሯ ያልተነካች። ፕላስተሩ ካልተቆረጠ ሰብሳቢ ዘንድ ክብሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ካርቶኗን በላስቲክ ሦስት ጊዜ ጠቅልሎ፣ ጠርዝ ጠርዙን አሽጎ፣ አሥራ አንድ ዓመት አስቀመጣት። በየዓመቱ እከፍታታለሁ ይላል፣ በየዓመቱ ምላጩን አንስቶ መልሶ ያስቀምጠዋል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ክፍሏን የሚያውቁት ሚስቱና የዘጠኝ ዓመት ልጁ ብቻ ነበሩ። ከሌላው ሰው ሁሉ ይልቅ እንዳያውቁበት የሚፈራው አማቱን ነው። የሚስቱ አባት አናጢ ናቸው፤ ጡረታ ወጡ ቢባልም መጋዛቸው አልወጣም። በተጋበዙበት ሁሉ «የልጄ ባል የሆስፒታሉን መድኃኒት በሙሉ የሚጠብቅ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው» ይላሉ። ገና በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት «ያቺ ክፍል ምን አለባት?» ብለው ጠይቀውት «የመሥሪያ ቤት ሰነድ ነው አባባ» ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲመጡ ክፍሏ ትቆለፋለች።

የሚያሳፍር ሥራ አልሠራም። ማንንም አልጎዳም፣ የልጁን ጉሮሮ ዘግቶ አልገዛም። ግን አርባ አንድ ዓመት የሞላው፣ ከፊት ፀጉሩ የሳሳ ሰው የአሻንጉሊት ቀሚስ በብሩሽ ሲጠርግ ቢታይ ምን እንደሚባል ያውቃል። ነገሩን ይወዳል፤ በመውደዱ ያፍራል፤ በማፈሩ ደግሞ እንደገና ያፍራል።

ልጁ ግን የምታፍርበት አልነበራትም። ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ለነርስነት ተራዋ ስትወጣ አባትና ልጅ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ነጭ የጥጥ ጓንት ያጠልቃሉ። የእሷን ጓንት ራሱ በመርፌ አጥብቦላታል። የክፍሏን የእርጥበት መለኪያ እሷ ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል። አቧራ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል። ፊገር የሚነሳው ከመቆሚያው እንጂ ከወገቡ ወይም ከፀጉሩ አይደለም። አንድ ጊዜ ነግሯት ሁለተኛ አልተሳሳተችም። «ልጫወትባቸው» ብላ ጠይቃውም አታውቅም። ይህን ለቡድኑ ጽፎ ኮርቶባታል።

አንድ ቅዳሜ አማትየው የመኝታ ቤቱን ቁምሳጥን ማጠፊያ ሊቀይሩ ከሰዓት እመጣለሁ ብለው ነበር። ጡረተኛ ግን የጊዜ ጌታ ነው፤ በጠዋት መጡ። ሚስቱ ስትወጣ የውጭውን በር ገርበብ አድርጋው ኖሮ አባትና ልጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ የሰሙት ከኮሪደሩ ነው። ሰውየው በሩን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ሽማግሌው የመሣሪያ ሳጥናቸውን አንጠልጥለው ደፉ ላይ ቆመዋል።

ዓይናቸው ከታችኛው መደርደሪያ ተነስቶ ላይኛው ድረስ ሄደ። ሰማያዊ ፀጉር፣ ሐምራዊ ፀጉር፣ ክንፍ፣ ሰይፍ፣ አጭር ቀሚስ። ከዚያ ወደ አማቻቸው ነጭ ጓንት መጡ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

ሰውየው ጓንቱን ከጀርባው ደበቀ። ምላሱ ከሐሳቡ ቀደመ።

«የልጅቷ ነው አባባ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ ብሩሹን እንደያዘች ቀና ብላ አባቷን አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ የትምህርት ቤት ጥያቄ ያልገባው ተማሪ እንደሚያየው ነበር ያየችው። ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች።

«አዎ አባባ» አለች። «የእኔ ናቸው።»

ከዚያ በፊት ልጁ ስትዋሽ ሰምቶ አያውቅም። እንዲህ አሳምራ መዋሸቷም አስደነገጠው።

«ሰነድ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አሉ ሽማግሌው።

«ሰነዱን... ወደ ቢሮ መለስኩት። ቆየ።»

ውሸት ብቻዋን መንገድ አትወድም፤ ጓደኛ ይዛ ነው የምትሄደው። ሽማግሌው ግን ፊታቸው በራ። የልጅ ልጃቸው ይህን ሁሉ መጫወቻ መያዟ ደስ አላቸውና ሳጥናቸውን አስቀምጠው ገቡ። ሰውየውን ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «እሰይ! እኔ እኮ ለልጅህ የምትሰስት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሜዳ ላይ አሻንጉሊት ይዛ አይቻት አላውቅም።» ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሰደዱ። «ይቺስ? ለምን ታሽጋ ተቀመጠች?»

ቁጥር አንድን አወረዱ።

ሰውየው «እሷ እንኳን...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«መጫወቻ እንደ እስረኛ ተጠፍሮ ይቀመጣል እንዴ? ልጅ እጅ ካልገባ ምኑ መጫወቻ ነው?» ሽማግሌው ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በአውራ ጣታቸው ከፈቱት። የተሳለ ነው፤ የአናጢ ሰንጢ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። «የእኔ ናት» ማለት። ሰንጢው ላስቲኩ ላይ እስኪያርፍ ጊዜ ነበረው። የመጀመሪያው ንብርብር ሲቀደድ፣ ሁለተኛው ሲቀደድ፣ ሦስተኛው ሲቀደድም ጊዜ ነበረው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የሚሉት ሰዎች ይህን ዓይነቱን ዝምታ አያውቁትም፤ አፉ ውስጥ የገባው ከዝንብ የከፋ ነው። የፋብሪካው ፕላስተር ጭር ብሎ ተቆረጠ፣ ካርቶኑም ተከፈተ።

ሽታው መጣ። ጎምዘዝ ያለ፣ የተዘጋ የፕላስቲክ ሽታ። ገና ሳያይ አወቀ። ለስንቱ ሰው «ይህን ሽታ ከሸተታችሁ ረፍዷል» ብሎ የጻፈው ሽታ ነው።

«ነይ አውጪያት» አሉ አያትየው።

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። አባቷን አየችው፤ ፈቃድ እየጠየቀች ነው። ምን ያድርግ? አንገቱን በእሺታ ነቀነቀላት። እሷም እንደተማረችው ሁለት እጇን ከታች አስገብታ፣ መቆሚያውን ይዛ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ላይ ሳበች። ሰይፈኛዋ ከተኛችበት ግልጽ ፕላስቲክ ጋር ተጣብቃለች። ልጅቷ ቀስ ብላ ጨመር አደረገች። ቀጭ አለ። መቆሚያውና አንድ እግር ከነቁርጭምጭሚቱ እጇ ላይ ቀሩ። ቀሪው አካል እዚያው እንደተኛ ነው። ከቀሚሱ ቀይ ቀለም ግማሹ ፕላስቲኩ ላይ ተልጦ ቀርቷል።

«እንዴ!» አሉ ሽማግሌው። «ምን ዓይነት እጅ ነው ልጄ? ገና ከመያዝሽ? አባትሽ ለፍቶ የሚገዛልሽን ዕቃ እንዲህ ነው የምታደርጊው?»

ከዚያም ወደ አማቻቸው ዞሩ፤ አባት ነውና አንድ ነገር ይላል ብለው ጠበቁት። ልጅቷም ጠበቀችው።

«ስንት ጊዜ ነው» አለ ሰውየው፣ «ስንት ጊዜ ነው ቀስ በይ ያልኩሽ?»

ድምፁ ጠንከር ብሎ ወጣ። መጋዘን ውስጥ ተረኞቹን የሚቆጣበት ድምፅ ነው። ለምን እንዳለው ራሱም ያውቃል፦ መጫወቻው የልጅቷ ከሆነ አባት መቆጣት አለበት፤ ያልተቆጣ እንደሆነ ሊነቃበት ነው። በዚህች ሒሳብ ነው ያለው። ይህን ሲያስብ ፊቱን እሳት በላው፤ ቃሉን ግን መልሶ ሊውጠው አልቻለም።

«ይቅርታ አባባ» አለች ልጅቷ ለአያቷ። ቀጥላም ለእሱ፣ «ይቅርታ አባዬ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ሽማግሌው ቁጣቸው እንደ ገለባ እሳት ነው፤ ወዲያው ይጠፋል። «በቃ፣ በቃ፣ አይዞሽ፤ አናጢ አያት እያለሽ ምን ሆነሽ» አሉና ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከሳጥናቸው ኮላ አወጡ። እግሩን ሊያጣብቁ ሲሞክሩ ኮላው አልይዝ አለ። በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ እኮ ወዝቷል» አሉ። «ዘይት ነገር አውጥቷል። እንጨትም እንዲህ ነው፤ ሳይደርቅ ቀለም ቀብተህ ካፈንከው ከውስጥ ይበሰብሳል።» ልጅቷን አዩዋት። «አንቺ አልሰበርሽውም ማለት ነው። ድሮ ተበላሽቷል። ይቅር በይኝ ልጄ፣ በከንቱ ተቆጣሁሽ።» ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ጠየቁ። ሰውየው በሩን ተደግፎ ያያል።

«ለመሆኑ እንዲህ አድርጎ የጠቀለለው ማነው?» አሉ።

 ሰውየው አፉን ከፈተ። እውነት ሊናገር ነበር፣ ወይም አሁን ሲያስበው ሊናገር የነበረ ይመስለዋል።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

ቁጥር አንድ ስትጠቀለል እሷ አልተወለደችም።

ሽማግሌው ግንባሯን ሳሟት። «አታውቂማ፣ ልጅ ነሽ። ለወደፊቱ አየር ይግባው፣ እሺ?» «እሺ አባባ።» ተነሱና ማጠፊያውን ቀየሩ፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ሰውየው ካቻቪቴ እያቀበለ፣ ብሎን እየያዘ አጠገባቸው ቆመ። ስለ እንጨት አወሩ። እሱ «አዎ አባባ» እና «ልክ ነው አባባ» ከማለት በቀር የተናገረውን አያስታውስም።

ሊሄዱ ሲሉ ደረጃውን አብሯቸው ወረደ። ሳጥኑን ልያዝ ቢላቸው እምቢ አሉ። መጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመው ክንዱን ያዙት።

«ልጅህን አየሃት?» አሉት። «ያጠፋችውን ስትጠየቅ ዓይኗን ሳታሽ እኔ ነኝ አለች። ጢም ያወጡ ወንዶች እንኳን ይህን አይችሉም። እንዲህ ያለው ነገር ከቤት ነው የሚወጣው። ካንተ ነው የተማረችው፤ እግዜር ይስጥህ።»

እጃቸውን ጨበጡትና ወደ ፌርማታው ሄዱ። ሰውየው ደረጃው ላይ እንደቆመ ቀረ። በሕይወቱ ብዙ ተሰድቧል፤ እንደዚህ ምስጋና ያቃጠለው ስድብ የለም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው እሺ ነበር፤ መሬት ግን ሲፈልጓት አትከፈትም። ቀስ እያለ ሽቅብ ወጣ።

ልጅቷ እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ናት። ብጥስጣሹን ላስቲክ አጥፋ አስቀምጣ፣ ሰይፈኛዋንና እግሯን ንጹሕ ጨርቅ ላይ አጋድማ፣ የሚነኩት ነገር እንዳይኖር በሁለቱ መሃል ክፍተት ትታለች። ሁሉም በሥርዓቱ ነው። አባቷ ሲገባ ቀና አለች።

«አባዬ?»

«ወዬ።»

«ሌላ ጊዜ ሰው ሲመጣም የእኔ ናቸው ነው የምለው?»

ጨርቁ ላይ የተጋደመችውን ሰይፈኛ አየ።

«እንዳልሳሳት ብዬ ነው» አለች።

ልጅቷ እየወቀሰችው አልነበረም። ደንብ ነው የጠየቀችው፦ ፊገር ከመቆሚያው ይያዛል፣ አቧራ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል፣ እንግዳ ሲመጣ ይዋሻል። በእጁ ያስተማራትን ሁሉ ሳትስት እንደያዘች ይህንንም ልትይዘው ተዘጋጅታለች።  ሰውየው የተሰበረችውን ሰይፈኛ ከጨርቁ ላይ ከወገቧ ጨብጦ አነሳት፣ ልጁን በሌላው እጁ ያዘ፣ ወረዱ። ጫማ አላደረገም። ጓንቱንም አላወለቀም።

ፌርማታው ላይ ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ሳጥናቸውን እግራቸው ሥር አድርገዋል። አማቻቸው በካልሲ፣ በነጭ ጓንት፣ ቀሚሷ የተላጠ አሻንጉሊት አንጠልጥሎ እያለከለከ ሲመጣ ተነሱ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጋረደች። ከተሰለፉት ልጃገረዶች አንዷ ሰይፈኛዋን አውቃት ኖሮ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸመቻት።

«አባባ» አለ። «የእኔ ናት። ሁሉም የእኔ ናቸው፤ ሰነድ ያልኩዎትም ጊዜ የእኔ ነበሩ። የጠቀለልኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው።»

ሽማግሌው አሻንጉሊቷን አዩ፣ ጓንቱን አዩ፣ ካልሲውን አዩ። ሊስቁ ነው ብሎ ጠበቀ፤ ቢስቁ ደስ ባለው። አልሳቁም።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አሉት። «የተቆጣኸው እኔን አይደለም።»

አውቶቡሱ መጣ። ሽማግሌው ሳጥናቸውን አንስተው ተሳፈሩ፤ በመስኮት እጃቸውን ያወዛወዙት ለልጅቷ ብቻ ነው።

ሰውየው እዚያው ሰው ፊት ተንበረከከ። ልጅቷ የእሱን ሳይሆን የሰዉን ፊት ታያለች።

«አልሰበርሻትም» አላት። «ለአሥራ አንድ ዓመት አፍኜ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ያኔውኑ አውቄያለሁ። አውቄ ነው የተቆጣሁሽ።»

«አውቅ ነበር» አለች። «ከመቆሚያዋ ነው የያዝኳት። ቀስ ብዬ ነበር።»

«አዎ። አይቻለሁ።»

 ያን ጊዜ ነው የልጅቷ ከንፈር መንቀጥቀጥ የጀመረው።

«አንተ ስትቆጣኝ ግን» አለች፣ «እውነትም የሰበርኳት መሰለኝ።»